ያረጀ ቺት ሲታጠብ የሚጠፋው

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1719 የለንደን የስፒታልፊልድስ ሰፈር ሸማኔዎች ሥራቸውን ትተው ጎዳና ወጡ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠባቸው መንገድ ላይ ከሚያገኟት ሴት ቀሚስ ጋር ነበር። አበባ የታተመበት የጥጥ ልብስ፣ እኛ ቺት የምንለውን፣ የለበሰች ሴት ሲያዩ ይከቧታል፤ ቀለም ይደፉባታል፤ አንዳንዶቹም ጨርቅ የሚበላ አሲድ ይረጩባታል፤ ቀሚሷን ከላይዋ ላይ ይቦጫጭቁታል። ሐርና ሱፍ እየሸመኑ የሚያድሩት እነዚህ ሰዎች ገበያቸውን የዘጋባቸው ከሕንድ በመርከብ የሚመጣው ጥጥ እንደሆነ አውቀዋል። ፓርላማውም ሰማቸው፤ በ1721 የወጣው ሕግ ባለ ሕትመት ጥጥ መልበስንም ለቤት ማስጌጫ ማዋልንም ከለከለ። ፈረንሳይ በዚህ ቀድማ ነበር፤ ከ1686 እስከ 1759 ድረስ ከልክላዋለች። ክልከላው ግን ቺትን አላጠፋውም። ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ከሚገኙት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቺት ልብሶች ከፊሎቹ በተሰፉበት ዘመን ሕገወጥ ነበሩ።

አሁን የእነዚህ ልብሶች ዕጣ የሚወሰነው በጥገና ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀሚሱ ተዘርግቷል። ብብቱ ሥር ቡናማ የላብ እድፍ አለ። የታችኛው ጠርዝ በመንገድ ጭቃ ጠቁሯል። ወገቡ ላይ ተተርትሮ የቀረ የስፌት መስመር በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ይታወቃል፤ ነጭ የነበረው መደብ ወይቧል። ልብስ አጥቦ ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ ይተኮስ፣ ቀዳዳው ይደፈን። ብዙ ሙዚየሞችም ለረጅም ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ የምከራከረው ግን የእንዲህ ያለ ልብስ ዋጋ ያለው በአብዛኛው ልናጸዳው በምንመኘው ነገር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አሳማኝ ምክንያት እስካልቀረበ ድረስ ውሃ አይንካው ብዬ ነው። ለዚህ አቋም ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣውም ከጨርቁ ከራሱ ነው። ቺት አውሮፓን ያሸነፈው ስለሚታጠብ ነው። በጊዜው በአውሮፓ የሚታተመው ጨርቅ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይለቅ ነበር፤ የሕንዱ ግን ታጥቦ ታጥቦ ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ለመታጠብ የተሠራን ልብስ ማጠብ ምን ነውር አለው?

መልሱ የጨርቁ አሠራር ውስጥ አለ። በሕንድ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ኮሮማንዴል በሚባለው አገር፣ ነጩ ጨርቅ በቅድሚያ ታኒን በበዛበት የሚሮባላን ፍሬና በጎሽ ወተት ይነከራል። ታኒኑ ብረትንና ሸብን ጨርቁ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ የወተቱ ስብ ደግሞ የሚሣልበት ፈሳሽ በክሩ ውስጥ ተንሸራትቶ እንዳይበላሽ ያግደዋል። ቀጥሎ በቀርከሃ ብዕር፣ ብረት በኮምጣጣ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ በሚወጣው ውህድ፣ የአበባው ጥቁር ዙሪያ ይሣላል። ቀይ እንዲሆን በሚፈለገው ቦታ ላይ የሚቀባው ቀይ ቀለም አይደለም፤ ሸብ ነው፤ ሲቀባም እምብዛም አይታይም። ጨርቁ ቻይ ከሚባለው ተክል ሥር ጋር ሲፈላ ሸብ የነካው ቦታ ብቻ ቀዩን አጥብቆ ይይዛል፤ የቀረው በእበት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ለሰማያዊው፣ ሰማያዊ የማይፈለግበት ቦታ ሁሉ በሰም ይሸፈንና ጨርቁ ኢንዲጎ ጋን ውስጥ ይጠልቃል፤ ከዚያ ሰሙ በፈላ ውሃ ይለቀቃል። ራሱን የቻለ አረንጓዴ የለም፤ የሚገኘው ሰማያዊ ላይ ቢጫ ተደርቦ ነው። በስተመጨረሻ ጨርቁ ስታርች ይጠጣል፣ በእንጨት ይደበደባል፣ በዛጎል ይታሻል። ሲያልቅ እንደ ሐር ያብለጨልጫል።

ከዚህ ሁሉ ውሃን የሚችለው የትኛው እንደሆነ ልብ ይበሉ። ቀዩ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይችላሉ፤ የክር አካል ሆነዋልና። ከላይ የተደረበው ቢጫ ደካማ ነው። ብልጭታው ግን ውሃ በነካው ቅጽበት ይሟሟል፤ ስታርች ነውና። «ቺት ይታጠባል» የሚለው ዝና የቀለሙ ዝና ነበር፤ የብልጭታው አልነበረም። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ስለ ባለቤቷ አንድ ነገር ይናገራል፤ ወይ ጭራሽ አልታጠበም፣ ወይ ለልዩ ቀን ብቻ ተለብሶ በጥንቃቄ ተቀምጧል። ብልጭታው ያለቀ ቀሚስ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ የሥራ ቀን ልብስ ሆኖ በተደጋጋሚ ታጥቧል፣ ወይም ከእመቤት ወደ ገረድ ወርዷል። አንዳንዴም ብልጭታው ከስፌቱ እጥፋት ውስጥ፣ ውሃና እጅ ባልደረሰበት ስንጥቅ ብቻ ይገኛል። እንግዲህ ጥያቄው ጨርቁ እጥበት ይችላል ወይ አይደለም። በ1750 የታጠበ ልብስ የታጠበው ሊለበስ ነው፤ ያ እጥበት የልብሱ ሕይወት ነው። ዛሬ የምናጥበው ግን ሁለቱን ቀሚሶች አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል፤ ማንኛው የት እንደዋለ ከእንግዲህ የሚለይበት መንገድ አይኖርም።

ልብሱን ገልብጦ ማየት ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ያስተምራል። እንግሊዝ ከ1712 እስከ 1831 ድረስ በታተመ ጨርቅ ላይ ቀረጥ ትሰበስብ ነበር፤ ቀረጡ ለመከፈሉ ማስረጃ የሚሆነው ማኅተም የሚመታው በጥቅሉ ጫፍ ላይ ነው። ልብስ ሰፊውም ጨርቅ ማባከን አይወድም፤ ማኅተም ያለበትን ጫፍ ሰው በማያየው ቦታ፣ እጅጌ ውስጥ ወይም ገበር ሥር ያውለዋል። ከዚህም የሚገርመው የሦስቱ ሰማያዊ ክሮች ነገር ነው። በ1721 ከመጣው ክልከላ በኋላ እንግሊዛውያን አታሚዎች በ1736 አንድ መውጫ ተፈቀደላቸው፤ ድሩ ተልባ፣ ማጉ ጥጥ የሆነ ጨርቅ ማተም ይችላሉ። በ1774 ደግሞ አገር ውስጥ የተፈተለና የተሸመነ ሙሉ ጥጥ ተፈቀደ፤ ከሕንዱ እንዲለይ ግን ጠርዙ ላይ ሦስት ሰማያዊ ክሮች እንዲሸመኑበት ተወሰነ። ይህ ግዴታ እስከ 1811 ቆየ። አንድ ባለሙያ ስፌት ውስጥ የተቀበረ ጠርዝ በማጉያ መነጽር ሲመለከት ሦስቱን ሰማያዊ ክሮች ካገኘ፣ ቀሚሱ የተሠራበትን አገርና የሠላሳ ሰባት ዓመት ክልል ያለ ምንም ጽሑፍ አወቀ ማለት ነው። ድሩ ተልባ ሆኖ ካገኘውም ጨርቁ የትኛውን ሕግ ለማምለጥ እንደተሸመነ ይገባዋል። ይህን የመሰለ ማስረጃ የሚጠፋው በክፋት አይደለም። የተሸበሸበ ስፌት «ተስተካክሎ» ሲሰፋ፣ የተበላ ጠርዝ ሲቆረጥ፣ ያረጀ ገበር በአዲስ ሲለወጥ ነው።

ወገቡ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው። ቺት ከፋሽን ይልቅ ዕድሜ ነበረው፤ ጨርቁ ውድ፣ የሰፊው ጉልበት ግን ርካሽ ስለነበር በጀርባው ሰፋፊ እጥፋት የነበረው ቀሚስ ከሃያ ዓመት በኋላ ተተርትሮ በወገብ የሚጠብ ይሆናል፤ ከዚያም ለልጅ ካባ ይቆረጣል። የቀድሞ ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ልብስ ወደ «መጀመሪያ መልኩ» መመለስ ይወዱ ነበር። የትኛው መጀመሪያ? የእናቲቱ ነው ወይስ የልጅቱ? በኔዘርላንድ ፍሪስላንድ ውስጥ ያለችው የሂንደሎፐን ከተማ ሴቶች ቬንትከ የሚባል ረጅም ክፍት ካባ ከሕንድ ቺት ያሰፉ ነበር፤ ቀይ የሞላበት ለደስታ፣ ሰማያዊና ነጩ ለሐዘን ጊዜ ይለበሳል። ኮሮማንዴል ላይ የሣለው ሰው ሰማያዊው አበባ አንድ ቀን የሐዘን ልብስ እንደሚሆን አስቦ አያውቅም፤ ትርጉሙን የሰጡት ለባሾቹ ናቸው። ይህን ትርጉም የምናገኘው ጨርቁ ወደ ሂንደሎፐን ቅርጽ ከተቆረጠና ከተሰፋ በኋላ ስላገኘነው ነው። ቬንትከውን ተርትሮ የሕንድ ጨርቅነቱን ብቻ ለማሳየት የሚፈልግ ሙዚየም ግማሹን ታሪክ ለመቀስ አስረከበ ማለት ነው።

ማስረጃውን በፎቶና በጽሑፍ መዝግቦ ከዚያ ማጠብ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። መመዝገብማ ግዴታ ነው። ነገር ግን የምንመዘግበው መጠየቅ የምናውቀውን ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ከግብፅ፣ በተለይም ከጥንታዊቷ ካይሮ ከፉስታት ፍርስራሽ የወጡት የሕንድ ባለ ሕትመት ጥጦች ናቸው። የግብፅ ጥንታዊ ታሪክ ሊቅ የነበረው ፐርሲ ኒውቤሪና ባለቤቱ የሰበሰቧቸው ከአንድ ሺህ በላይ ቁርጥራጮች በ1946 ለኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም ተሰጡ። ብዙዎቹ መዳፍ የሚያህሉ ብጥስጣሾች ናቸው፤ የልብስ ስፌትና እጥፋት የቀረባቸውም አሉ። በዚያን ዓመት በራዲዮካርቦን ዕድሜ መለካት ገና አልታወቀም ነበር። ዘዴው ከመጣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከክሩ ጥቂት ተወስዶ ሲለካ አንዳንዶቹ ቁርጥራጮች ይገመት ከነበረው በብዙ መቶ ዓመት የቀደሙ ሆነው ተገኙ፤ የሕንዷ ጉጃራት ለግብፅ ገበያ ጥጥ ታትም የነበረው ፖርቱጋሎች የሕንድን ውቅያኖስ ከማየታቸው እጅግ ቀድሞ እንደሆነ ከወረቀት ውጭ ሌላ ምስክር ተገኘለት። ኒውቤሪ ቁርጥራጮቹን ለማጠንከር በሙጫ ነክሯቸው ቢሆን ኖሮ ያ ልኬት በእጅጉ ይወሳሰብ ነበር። እድፉ ዛሬ ዝም ቢለን ጠያቂው ገና ስላልመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ እንምጣ። እድፍ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይበላል። ጥጥ ሲያረጅ አሲድ ያበዛል፤ መደቡ የሚወይበውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ አሲዱ ደግሞ የክሩን ሴሉሎስ እየቆራረጠ ያደክመዋል። ላብና ጭቃ ያባብሱታል፤ በስታርቹ የሚሳቡ ተባዮች አሉ፤ የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይከተላል። ማዕድን በሌለበት ንጹሕ ውሃ ማጠብ አሲዱን ያወጣል፤ ክሩም እንደገና ይለሰልሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አለመንካት በራሱ ውሳኔ እንጂ ንጽሕና አይደለም። ግን ከዚህ «ሁሉም ይታጠብ» የሚል ድምዳሜ አይወጣም፤ የሚወጣው የእድፉን ምንጭ መለየት ነው። የብብት ላብ የለባሹ ነው። ጣሪያ አፍስሶ መጋዘን ውስጥ ያረፈው የውሃ ቡናማ መስመር ግን የሙዚየሙ ቸልተኝነት ነው። የመርፌ ቁልፍ ዝገት፣ የቀድሞ ጠጋኝ የለጠፈው ሙጫ፣ ሻጋታ፤ እነዚህ ቢወገዱ የማንም ሕይወት አይሰረዝም። የለባሹ እድፍ ጨርቁን እየበጠሰው መሆኑ በተጨባጭ ሲታይ ደግሞ በመጀመሪያ ናሙና ይቀመጥ፤ ከዚያ እድፉ ብቻ፣ ቦታው ላይ ብቻ ይታከም። የማስረጃው ሸክም ያለው በሚያጥበው ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ውሃ የማይረዳው ጥቁሩ መስመር አለ። አበባውን የከበበው ያ በብረት የተሣለ መስመር ነው። ብረትና ታኒን ተጋብተው የወለዱት ጥቁር ሴሉሎሱን ራሱ ያቃጥለዋል፤ አሲድም ያመነጫል። በየብራናውና በየወረቀቱ የብረት ቀለም የበላውን ፊደል ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቺቱ ላይ የሚሆነው ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው፤ ቀዩ አበባ ደህና ሆኖ፣ ነጩ መደብ ደህና ሆኖ፣ በመካከላቸው ያለው ዙሪያ መስመር ብቻ ይረግፍና አበባው ከጨርቁ በምላጭ ተቆርጦ የወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ ልብስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብረቱ ወደ ጤነኛው ክር ሊሰደድ ይችላል፤ የሚረግፈውም መስመር በውሃው ክብደት ይበጠሳል። ስለዚህ የሚደረገው ትንሽ ነገር ነው። ከሥሩ በጥንቃቄ ቀለም የተነከረ ስስ ሐር ወይም መረብ ይነጠፍና ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ በጤነኛው ቦታ ብቻ፣ ይያዛል። ቀዳዳው አይደፈንም፤ እንዳይሰፋ ብቻ ይደገፋል። ጥሩ ሥራ የሚባለው ከአንድ ክንድ ርቀት የማይታይ፣ ቀረብ ሲሉ ግን የማይደበቅ፣ ሲያስፈልግም ያለ ጉዳት የሚተረተር ነው።

ሕዝቡስ? ሙዚየም የሚገባ ሰው ላብና ቀዳዳ ሊያይ አይመጣም፤ የለንደንን ሴቶች አሲድ እየተረጨባቸው እንኳ እንዲለብሱት ያደረጋቸውን ውበት ሊያይ እንጂ። ይህ ተቃውሞ አይናቅም። ሆኖም ውበቱን ይበልጥ የሚገድለው ከእድፍ ይልቅ ብርሃን ነው። ብዙ ጎብኚዎች በቺት ላይ የሚያዩት ሰማያዊ ቅጠል የሠዓሊው ምናብ ይመስላቸዋል። ሠዓሊው የሣለው አረንጓዴ ቅጠል ነበር፤ የተደረበው ቢጫ በብርሃን ተበልቶ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ የሚያወርዱት ለዚህ ነው፤ ያም ቢሆን ማዘግየት ነው እንጂ ማዳን አይደለም፤ አንድ ሰዓት በ500 ሉክስና አሥር ሰዓት በ50 ሉክስ የሚያደርሱት ጉዳት ተመሳሳይ ነውና። ውበቱን ለማሳየት የሚሻል መንገድ አለ። በተመሳሳይ አሠራር አዲስ ቁራጭ አሠርቶ፣ አረንጓዴውን ከነአረንጓዴነቱ፣ ብልጭታውን ከነብልጭታው፣ በሙሉ ብርሃን ማሳየት፤ አሮጌውን ለጥቂት ወራት ብቻ አጠገቡ ዘርግቶ ወደ ጨለማው መመለስ።

የተረሱ ጨርቆች ምን ያህል እንደሚድኑ የሚያሳየው የለንደኑ የሕፃናት ማሳደጊያ መዝገብ ነው። በ1741 የተከፈተው ይህ ማሳደጊያ የድሆችን ሕፃናት ሲቀበል እናት ልጇን ልትወስድ ተመልሳ ብትመጣ መለያ እንዲሆን ከልብስ የተቆረጠ ቁራጭ ከመቀበያው ወረቀት ጋር ይያያዝ ነበር። ወረቀቶቹ ተጠረዙ፤ ከአምስት ሺህ በላይ ቁራጮች እጅ ሳይነካቸውና ፀሐይ ሳያያቸው ተዘግተው ኖሩ። ቀለማቸው ዛሬም ትኩስ ነው። እስከ 1760 ድረስ ከገቡት ከ16,000 በላይ ሕፃናት ውስጥ የተመለሱት 152 ብቻ ናቸው፤ ቁራጮቹ ግን ሙዚየሞች የማያውቁትን ነገር ይዘው ቆዩ፤ ድሃ እናቶች ምን ይለብሱ እንደነበር። የከበርቴዋ የሐር ቀሚስ ተጠብቆ የድሃዋ የታተመ ቀሚስ አልቋልና፣ የእነዚያ ሴቶች ልብስ ታሪክ የሚነበበው ከእነዚህ ቁራጮች ነው። በእኛም አገር ቺት እንዲሁ ተደብቆ የኖረበት ቦታ አለ። የብራና መጻሕፍት ገበታ ቆዳ ሲለብስ ከውስጥ በኩል መካከሉ ላይ የሚለጠፈው ቁራጭ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሐርም አለበት፣ ከሕንድና ከአውሮፓ የመጣ የታተመ ጥጥም አለበት። መጽሐፉ ተዘግቶ ስለሚኖር ቀለሙ አይለቅም። አንድ የድጉስ ባለሙያ ያረጀ መጽሐፍ ሲያድስ ያንን ቁራጭ ቆሻሻ ነው ብሎ ቢልጠው የሚጥለው የቀይ ባሕርን ንግድ ማስረጃ ነው።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። ለባሿንና እድፏን ይህን ያህል ስናከብር የሕንዱን ሠዓሊ እየረሳነው አይደለም ወይ? የሂንደሎፐኗ ሴት ስም ይታወቅ ይሆናል፤ የሠዓሊው ስም አይታወቅም። ዕውቀቱ እንኳ ተወስዶበታል። በ1730ዎቹ ቦልዩ የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር መኮንን በሕንድ ፑዱቼሪ ተቀምጦ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ጻፈ፤ ከየደረጃውም የጨርቅ ናሙና ቆርጦ አያያዘ። በ1742 ኩርዱ የተባለ የኢየሱሳውያን ካህን ተመሳሳይ ምሥጢር በደብዳቤ ወደ አገሩ ላከ። የፈረንሳዩ ክልከላ በተነሳ በዓመቱ፣ በ1760፣ ኦበርካምፍ የተባለ አታሚ በዚያው አገር ዡዊ ላይ ማተሚያውን ከፈተ፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ውለው አድረው የሕንድን ገበያ ራሱን ወረሱት። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወደ እጥበት አይመራም። ሠዓሊው ዛሬ የሚገኘው በዚያው ባልተነካው ጨርቅ ውስጥ ነው፤ በማጉያ ሲታይ ብዕሩ የተነሳበትና እንደገና ያረፈበት ቦታ፣ ሰሙ የተሰነጠቀበትና ኢንዲጎው ሾልኮ የገባበት ቀጭን ሰማያዊ ጅማት፣ ሸቡ ከመስመሩ ያለፈበት። የእንጨት ማኅተም እንዲህ አይስትም። ታጥቦ የተለሰለሰና በጋለ ካውያ የተደመጠጠ ጨርቅ ላይ እነዚህ ምልክቶች ይደበዝዛሉ። ከጨርቁ አጠገብ የሚቆመው መግለጫ ካርድም ይለወጥ። ጥቁሩ መስመር በኮሮማንዴል በቀርከሃ ብዕር እንደተሣለ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደነበረ፣ የወገቡ ቀዳዳዎች ልብሱ ስንት ጊዜ እንደተተረተረ እንደሚያሳዩ፣ የብብቱ እድፍ ሆን ተብሎ እንደተተወ ይጻፍበት። ቦታ ካልበቃ ከለጋሹ ማዕረግ ይቀነስ።